በመርከብ የሄዱት ጥጃዎች

መስከረም 19

ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? አባባስ እንዴት ነው? ክረምቱ ጉልበቱን አላስቸገረውም? እትዬን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ፤ አንተን ሃያ ዓመት የቻለች ሚስት ሐውልት ይገባታል።

ሦስት ጊዜ ጽፈህልኝ አንዴም አለመመለሴ ከንቀት እንዳይመስልህ። ይቅርታ። ስልክሽስ ምን ነካው ላልከኝ፣ የጥጃዎቹ በረት ከቢሮዬ መስኮት ሥር ነው። አንተ ደግሞ ጥጃ ሲጮህ ርቦት ይሁን ጠምቶት፣ ወይስ እናቱን ፈልጎ፣ ድምፁን ሰምተህ ትለያለህ። እንድትሰማቸው አልፈለግኩም።

የጠየቅኸኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እውነት ነው፤ በቁማቸው ነው የሚጫኑት። ድሮ እዚህ ታርዶ ሥጋው በማቀዝቀዣ ይሄድ ነበር። አሁን ገዢዎቹ እዚያው ወስደው ማድለብ፣ እዚያው ማረድ፣ ቆዳውንም እዚያው ማልፋት ይሻላቸዋል። ለዚህ ደግሞ የደረሰ በሬ ሳይሆን ጥጃ ነው የሚመቸው። ከወደቡ አጥር ጋር በተያያዘው ማቆያ ጣቢያችን ሃያ አንድ ቀን ይቆያሉ፤ ደማቸው ይመረመራል፤ ጆሯቸው ላይ ቢጫ ቁጥር ይደረጋል፤ በመጨረሻ እኔ "ጤነኞች ናቸው" ብዬ እፈርማለሁ። አባባ "ልጄ የከብት ሐኪም ናት" እያለ ሲኮራብኝ ሥራዬ ይህ አይመስለውም። እኔም ስማር አይመስለኝም ነበር።

ልሽጥ ወይ ላልከው፣ ወንዶቹን ሽጥ። መኖ እንዲህ ተወድዶ አሥራ አንድ ወንድ ጥጃ ስትቀልብ ለምን ትከርማለህ? እናንተ ጋ የሚመጣውን ደላላ አውቀዋለሁ፤ ከብት አያንገላታም። የጊደሮቹን ነገር ግን አንተ ታውቃለህ።

ሦስተኛውን ጥያቄህን ለሌላ ጊዜ አቆይልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 27

ለዶክተሯ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ለአባባ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለ ጩኸቱ የጻፍሽው ጋ ስደርስ ዘለልኩት። እትዬሽ የሐውልቱን ነገር ሰምታ እስካሁን ትስቃለች፤ ድንጋዩን አንቺ ተሸክመሽ እንድታመጪ ብላለች።

አባባ ደህና ነው ወይ ላልሽው፣ ሰውነቱ ደህና ነው። ሐሳቡ ነው የሚሄድ የሚመጣው። ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ካፖርቱን ደርቦ በረት ይወርዳል፤ ጥጃዎቹን በየስማቸው ይጠራል። የሉም ስለው "የት ሄዱ?" ይለኛል። ግጦሽ ላይ ናቸው እለዋለሁ። ማታ ይህንኑ ረስቶት እንደገና ይጠይቀኛል፤ እኔም እንደገና እዋሻለሁ። ውሸት ሲደጋገም ይቀላል የሚለው ሰው አባት የለውም።

አዎ፣ ወንዶቹን ሸጥኳቸው። መኪናው መጥቶ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ከድልድዩ እስከ ዋናው መንገድ ብትሄጂ ያልሸጠ ሰው አታገኚም። ሰዉ ደስ ብሎታል፤ ጣሪያ የሚቀይር አለ፣ ልጁን ወደ ከተማ ትምህርት ቤት የላከ አለ። ፊቱ ያልተፈታ ቢኖር ጋሽ ስለት ብቻ ነው። የቄራው የአራጆች አለቃ ነው፤ ታስታውሺዋለሽ፣ አንቺ ልጅ ሆነሽ ከሩቅ ስታዪው የምታለቅሺው። ቄራው በሳምንት ስድስት ቀን ይሠራ ነበር፤ አሁን ሁለት ቀን ሆኗል። "ጥጃው ሁሉ ከሄደ በሬው ከየት ይምጣ?" ይላል። እኔም ሌሎቹም በሳቅ አለፍነው።

ዳለቻ ግን ልጇ ከሄደ ወዲህ ወተቷን ይዛለች። ጡቷ ሞልቶ ሳለ አላወርድም ትላለች። ሐኪም ከሆንሽ መላ በይ።

ጊደሮቹስ ላልሽው፣ አሉ። ስድስቱም አሉ። ደላላው አሁን የሚጠይቀው እነሱን ብቻ ነው።

ያቆየሽውን ጥያቄ ደግሞ እንዳትረሽው። መርከቡ ላይ ማን ያያቸዋል ነው ያልኩሽ። ከባድ ጥያቄ አይደለም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 8

ወንድም ጋሼ፣

አባባን ሐኪም ዘንድ ብትወስደው ጥሩ ነው። የሚሰጡትን ኪኒን እንዳያቋርጥ። ለዳለቻ መርፌ ልኬልሃለሁ፤ እስኪደርስ ጡቷን በሞቀ ውሃ እያሸህ ሞክር፤ ስታልባትም የለመደችው ሰው ብቻ አጠገቧ ይኑር።

ያቆየሁትን ልመልስ። መርከቡ ላይ አንድ የከብት ሐኪምና ዘጠኝ ሠራተኞች አሉ። ለሦስት ሺህ ጥጃ። ከዚህ ሌላ አልጨምርም።

ወንዶቹን አግኝቻቸው ነበር፤ ሲጫኑ ደህና ነበሩ። ያልጠበቅኩት ሌላ ነው። በቀደም በረት ለበረት ስዞር ስድስት ጊደሮች አየሁ፤ ግራ ጆሯቸው ላይ የአባባ ምልክት አለ። ቡሬዋ ከመሐል ወጥታ መጣችና ጣቴን መጥባት ጀመረች። አምና ፈቃድ ወጥቼ እናንተ ጋ ሳለሁ የኋላ እግሯ ቀድሞ መጥቶ አንተ ስትጎትት፣ እኔ እስከ ክንዴ ገብቼ ስመልስ ያዋለድናት ናት። ታውቀኛለች ልበል? ጥጃ ያገኘውን ጣት ይጠባል። እንደዚያ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አልነገርከኝም። አልወቅስህም። እኔም "አንተ ታውቃለህ" ብዬህ አለፍኩ እንጂ አትሽጥ አላልኩህም። ወንድ ጥጃ የሸጠ ሰው አንድ ከብት ሸጠ፤ ጊደር የሸጠ የልጅ ልጆቿን አብሮ ሸጠ። ይህን ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ዓመት ነው ያስተማሩን። ደብዳቤውን ስጽፍልህ አውቀው ነበር። ያን ሰሞን ግን ጣቢያው የጊደር ቁጥር አልሞላም እየተባለ ስንዋከብ ነበር፤ ብዕሬ እዚያ ላይ ደከመ።

ሐሙስ ተጫኑ። ሁሉም እንደ ደንቡ ነው። ፈርሜያለሁ።

አንድ ያየሁትን ልንገርህና ላብቃ። ጥጃዎቹ ከሚጫኑበት አጠገብ ሌላ መርከብ የዱቄት ወተት ሲያራግፍ ዋለ። ጣሳው ላይ የተጻፈው በእኛው ቋንቋ ነው። ለእኛ ነው የመጣው።

እህትህ


ጥር 14

እህቴ፣

ጊደሮቹን ለምን እንደሸጥኳቸው እውነቱን ልንገርሽ። ቸግሮኝ አይደለም። የታመመም፣ የሚከፈል ነገርም አልነበረብኝም። ሰው ሁሉ ሲሸጥ እኔ ብቻ ቀርቼ ሞኝ መሰልኩ። ከልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን በቀር ጊደር ያልሸጠ አልነበረም፤ እሷም አንዲት ላም እንጂ ጊደር ስለሌላት ነው። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት ብፈልግም አላገኘሁም። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እንስቅ ነበር፤ የእኛ በባሕር ሆነና አረፈው።

መርፌው ደርሶናል። ሁለት ቀን ሠራ፤ ከዚያ እንደ ድሮዋ ሆነች። አባባ ግን አንድ ቀን ጠዋት ልቡ ተመልሶለት የራሱን ዘዴ ይዞ መጣ። ጥጃ ሲሞት ቆዳው ገለባ ተሞልቶ እናቱ ፊት ሲቆም፣ እሱን እየላሰች ስትታለብ አይተሻል። የእኛዎቹ ግን አልሞቱማ። በቁማቸው ነው የሄዱት፤ ቆዳ ከየት ይምጣ? አባባ ካፖርቱን አወለቀ፤ ገለባ ሞላበት፤ እጅጌዎቹን በገመድ አስሮ ግርግሙ ላይ አስደገፈው። ዳለቻ አሸተተችው። ለረጅም ጊዜ አሸተተችው። ከዚያ መላስ ጀመረች፤ አንገትጌውን፣ ኪሱን፣ እጅጌውን። ወተቷም ወረደላት። አባባ በሸሚዝ ብቻ ብርድ እያንቀጠቀጠው "አየህ?" አለኝ። ሚጡ፣ ዓይኔን ወዴት እንደማደርግ አላወቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ካፖርቱን በቀንዷ ገልብጣው ሄደች። ነጥፋለች።

ቄራው ተዘግቷል። ጋሽ ስለት ቢላዋዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ቤቱ አስገብቷቸዋል። ቆዳ ፋብሪካውም ሠራተኛ እየቀነሰ ነው፤ ቆዳ ከውጭ ሊያስመጣ ነው እየተባለ ይወራል። ይኸው ጋሽ ስለት ባለፈው እሁድ ሊጠይቀን መጥቶ በራችን ላይ ቆመና እንደ ልማዱ "ቤት ለእምቦሳ" አለ። "እምቦሳ እሰሩ" ብሎ የሚመልስለት ጠፋ። እትዬሽ ወንበር ልታመጣ ተነሣች፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሱም ያለው ነገር በኋላ ገባውና ይቅርታ ጠየቀን። ሰው ደህና ሰላምታ ሰጥቶ ይቅርታ ሲጠይቅ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አባባ ከጓሮ የጥጃ ድምፅ ይሰማኛል ይላል። ሄጄ አየሁ፤ የለም። አሁን አሁን እኔም ይሰማኛል። ይህን ለእትዬሽ አልነገርኳትም፤ አንቺም አትንገሪያት።

መርከቡ ደረሰ ወይ?

ወንድምሽ


ጥር 28

ወንድም ጋሼ፣

ደርሷል። ሁሉም ደህና ናቸው።

ሥራ ስለበዛብኝ አሳጠርኩ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ለአባባ አዲስ ካፖርት ልኬያለሁ።

እህትህ


የካቲት 21

እህቴ፣

ካፖርቱ ደርሷል። አባባ አልለብስም ብሏል፤ በረት በረት አይሸትም አለ።

ማክሰኞ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላኩ ሦስት ሰዎች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ቦት ጫማቸውን በመድኃኒት እየነከሩ ቤት ለቤት ዞሩ። የጊደሮቹ መርከብ የሳንባ በሽታ ተገኘበት፤ ላኪው ድርጅት በሽታው የተነሣው ከእናንተ አካባቢ ነው ብሎ ጽፏል አሉን። ምርመራው ሲያልቅ ይህ ከጸና የቀሩት ላሞች በሙሉ ተገድለው ይቀበራሉ። ካሳ አለው አሉ። ጋሽ ስለት "ካሳው ይወልዳል?" ብሎ ጠየቃቸው፤ ትልቁ ሰውዬ ወረቀቱን ማገላበጥ ያዘ። ከዚያ በየበሩ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። የልብስ ሰፊዋን በር ሳይቀር፤ ላሟ እርጉዝ ናት።

የእኔ ላሞች ጤነኞች ናቸው። ያሳላት የለች፣ ያተኮሳት የለች። ሲጠይቁኝም ይህንኑ አልኩ። እህቴ የጣቢያው ሐኪም ናት፣ እሷን ጠይቁ አልኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ።

መርከቡ ደርሷል ብለሽኝ ነበር። ሰዎቹ ተመልሷል ይላሉ። ማንን ልመን?

ወንድምሽ


የካቲት 29

ወንድም ጋሼ፣

እነሱን እመን።

መርከቡ ደርሶ ነበር፤ ማራገፍ ግን ተከለከለ። ሐኪሞቻቸው በሽታውን አገኙት። ሌሎች ሁለት ወደቦችም አልተቀበሉትም። ከሁለት ወር በላይ ባሕር ላይ ቆይቶ ወደ እኛው ተመለሰ። መኖው ከመንገዱ ግማሽ ሳይደርስ አልቆ ነበር። "ደርሷል" ብዬ ስጽፍልህ ማንም እንዳልተቀበለው አውቅ ነበር። አልዋሸሁም ለማለት ነው መሰለኝ ያቺን አንዲት ቃል የመረጥኩት። "ደህና ናቸው" ያልኩት ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

ሲመለስ ወጥቼ እንድቀበለው የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት መርከቡ ላይ ነበርኩ። ስለዚያ ግማሽ ቀን ምንም አልጽፍልህም፤ ወደፊትም አትጠይቀኝ። የራስህን ጊደሮች መጠየቅ ግን መብትህ ነው። ስድስቱንም በጆሯቸው ለየኋቸው። አምስቱ ቀድመው ሄደው ነበር። ቡሬዋ ነፍስ ነበራት። ጣቴን ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ሥራዬን ሠራሁ።

በሽታው ከእናንተ አይደለም። ጊደሮችህ ጣቢያችን ሲገቡ ደማቸው ንጹሕ ነበር፤ ውጤቱን በእጄ ይዤዋለሁ። ከእነሱ ቀድሞ ከሌላ ቦታ በመጣ መንጋ ውስጥ የሚያስሉ ነበሩ። በረት ስለሞላ አንድ ላይ ታጎሩ። ሃያ አንድ ቀን መቆየት ሲገባቸው መርከቡ ቆሞ ይጠብቅ ስለነበር በዘጠነኛው ቀን ጫንናቸው። አለቃዬ ወረቀቱን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና "ቀኑን መሙላት ያንቺ ፋንታ ነው" ብሎኝ ወጣ። ሃያ አንድ ብዬ ሞላሁ። የተቆጣኝም ያስገደደኝም የለም። ከመስኮቱ ሥር ሲጮሁ ይሰማኝ ነበር፤ ቶሎ ይሂዱልኝ ብዬም አስቤ እንደሆነ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ትናንት ለአጣሪዎቹ ጽፌ ሰጠሁ። ቀኑን፣ የበረቱን ቁጥር፣ የደሙን ውጤት፣ ፊርማዬን። ከመስጠቴ በፊት አለቃዬ ጠርቶ አስቀመጠኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ፈቃዴ እንደሚነጠቅ፣ ምናልባትም እንደምከሰስ ነገረኝ። "የገበሬዎቹ ላም እንደሆነ ይተካል" አለኝ። "አንቺን ማን ይተካሻል?" ደግ ሊሆንልኝ ፈልጎ ይመስለኛል። ሻዩን ሳልጠጣው ተነሣሁ።

ለአባባ ምን እንደምትለው አላውቅም። ልምጣ ለማለትም አፍሬያለሁ። በረቱ አሁን ባዶ ነው፤ በመድኃኒት ታጥቧል። መስኮቴን ግን እስካሁን መክፈት አልቻልኩም።

እህትህ


ሰኔ 16

ሚጡ፣

ፈቃድሽ መነጠቁን ከጋዜጣ፣ ክስ አለመኖሩን ካንቺ ደብዳቤ አነበብኩ። ያልመለስኩልሽ ተቆጥቼ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ብዕር እያነሣሁ አስቀመጥኩ። አሁንም ቁጣው ጨርሶ አልለቀቀኝም። ግን መኪናው ላይ በእጄ ገፍቼ ያወጣኋቸው እኔ ነኝና ጥፋቱን አንቺ ላይ ብቻ ልጥል አልችልም።

ላሞቹ ምን ሆኑ ላልሽው፣ ተርፈዋል። ሰዎቹ ተመልሰው መጥተው ደም ወሰዱ፤ የጻፍሽው እውነት ሆኖ ተገኘ። ቀዩን ቀለም ራሳችን ፋቅነው፤ እንጨቱ ውስጥ የገባው ግን አልለቀቀም።

ልምጣ ወይ ላልሽው፣ ነይ። የራስሽ ቤት ነው፤ ፈቃድ የምትጠይቂው ማንን ነው? ሰላም የማይሉሽ ይኖራሉ፤ አላታልልሽም። ጋሽ ስለት ግን ስትመጪ ንገሩኝ ብሏል። ለአባባም ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ ግጦሽ ላይ ናቸው ማለት ደከመኝ። የመርከቡን፣ የጊደሮቹን፣ የአንቺን ፊርማ፣ የእኔን መሸጥ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ወዲያ ጥጃ ፍለጋ ጓሮ መሄዱን ተወ።

ባለፈው ሳምንት የልብስ ሰፊዋ ላም ወለደች። ሴት ናት። ዘንድሮ በሰፈሩ የተወለደች የመጀመሪያዋ ጥጃ ናት። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ላይ መቀመጥ አልቻለችም፤ ሰው ሁሉ ይመጣል። ጋሽ ስለት፣ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያርድ የኖረ ሰው፣ ቁጢጥ ብሎ ስትጠባ ሲያይ ዋለ። እትዬሽ ሦስቴ ሄዳ ሦስቴም ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች፤ አቧራ ነው ትላለች።

ንግዱ ደግሞ እንደገና ተከፍቷል። ሌላ ድርጅት፣ ሌላ መርከብ፣ ያው ደላላ። ጥጃ ከአገር ስለጠፋ አንዲትም ብትሆን ፈልጎ ይመጣል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መኪናውን ልብስ ሰፊዋ ደጅ አቆመና ሰምተነው የማናውቀውን ዋጋ ጠራ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ወደ እኔ ዞራ "ምን ላድርግ?" አለችኝ። የቆመው ሰው ሁሉ አየኝ። ሚጡ፣ አትሽጪ የምልበት አፍ ከየት ላምጣ?

አባባ ነው የተነሣው። ከዘራውን ይዞ ቀስ እያለ መኪናው ድረስ ሄደ። አልጮኸም፤ ደላላውን የራሱ ልጅ እንደሆነ አድርጎ ነው ያናገረው።

"ልጄ" አለው፣ "የወሰድካቸውን መልስና ይቺን ትወስዳለህ።"

ደላላው ሊስቅ ብሎ ተወው። አባባን አየው፤ ሁላችንንም አየን። የሳቀ አልነበረም። መኪናው ውስጥ ገብቶ አስነሣ።

ባዶውን ሄደ። መኪናው በእኛ መስክ ሲያልፍ ግን ላሞቹ ሸተታቸው መሰለኝ፣ ዳለቻ ቀደመች፣ ሌሎቹ ተከተሏት፤ አጥሩን ተጠግተው እየጮሁ ከባዶው መኪና ጎን ለጎን ሮጡ። አጥሩ ጥግ ሲደርሱ መሄጃ አጥተው ቆሙ። አቧራው ተቀመጠ፤ እነሱ አልተመለሱም። እኔና አባባ ሄደን አንገታቸውን እያሻሸን አንድ በአንድ መለስናቸው።

ወንድምሽ